ሜጅ በሬይድ፦ ዳሜጅን ስለማሳደግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጊልዳችን (አብረን የምንጫወት ቡድን) ውስጥ አዲስ ሜጅ (በአስማት ከሩቅ የሚመታ ተዋጊ) በገባ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል፦ ዳሜጄን (ጠላት ላይ የማደርሰውን ጉዳት) እንዴት ላሳድግ? ሬይድ (ብዙ ሆነን ቦሶችን፣ ማለትም ትልልቅ ጠላቶችን፣ የምንገጥምበት ዘመቻ) መሐል በጥድፊያ ከምመልስ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ላስቀምጠው አልኩ። የማወራው ስለ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ክላሲክ ነው፤ በ2019 ስለተከፈተውና የሌቭል ጣሪያው 60 ስለሆነው። ቁጥሮቹ የዚያ ናቸው። ሌላ ጌም የምትጫወቱ ቁጥሩን ትታችሁ ሐሳቡን ውሰዱ። የስፔሎቹን (የአስማቶቹን) ስም እንዳለ ነው የተውኩት። ፍሮስትቦልትን (የሜጅን ዋና የበረዶ ስፔል) በአማርኛ ተርጉሞ የሚጠራ ተጫዋች እስካሁን አልገጠመኝም።

የእኔና የጓደኛዬ ጊር (ልብስና መሣሪያ) እኩል ነው። እሱ ለምን ይበልጠኛል?

አብዛኛውን ጊዜ እሱ ስለማያቆም ነው። እናንተ ታቆማላችሁ።

ይህን ሲነገረው የሚያምን ሰው የለም። እኔም አላመንኩም ነበር። አንድ ቀን ነገሩ ሲያናድደኝ የራሴን ሎግ (የውጊያ መዝገብ) ከፍቼ ቆጠርኩ። ቦሱ የወደቀው በ3 ደቂቃ ነው፤ 180 ሰከንድ። ታለንቱ (በነጥብ የሚመረጥ ማሻሻያ) የሞላ ፍሮስትቦልት 2.5 ሰከንድ ይፈጃል። ሲካፈል 72 ፍሮስትቦልት ይገባል ማለት ነው። እኔ የለቀቅኩት 51 ነው። 21 የት እንደገባ አይታወቅም። በጊዜ ሲመነዘር 52 ሰከንድ ተኩል። ሰው ሁሉ ሲዋጋ እኔ አንድ ደቂቃ ለማይሞላ ትንሽ ጊዜ ሐውልት ሆኜ ቆሜያለሁ።

ቪዲዮ ቀርጬ ስለነበር የት እንደጠፋ ፈለግኩ። ጥቂቱ በእግር ጉዞ ነው የሄደው። ቦሱ ዞር ባለ ቁጥር ደንግጬ ግማሽ የደረሰ ካስት (ስፔል መልቀቅ) አቋርጬ እሮጣለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ መሮጡም አያስፈልግም ነበር። ፖሽን ፍለጋ ቦርሳ ከፍቼ እበረብራለሁ። ስንተኛ እንደሆንኩ ለማየት ዓይኔን ዳሜጅ ሜትሩ ላይ እተክላለሁ፤ በዚያው ደረጃዬ ይወርዳል። ትልቁ ሌባ ግን በአንድ ካስትና በሚቀጥለው መካከል ያለችው ቅንጣት ክፍተት ናት። ካስቱን የሚያሳየው ባር ሞልቶ ሲያልቅ አየዋለሁ፣ ከዚያ እጫናለሁ። ለዓይን አትታይም። ተደምራ ግን ብዙ ፍሮስትቦልት በላችብኝ።

ከ72 ውስጥ 51 መልቀቅ ማለት ከሚቻለው ዳሜጅ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋውን መጣል ነው። 30 በመቶ የሚጨምር ስታፍ (የሜጅ በትር) በጌሙ ውስጥ የለም።

ያቺን ክፍተት እንዴት ልዝጋ? ፒንጌ (ከሰርቨር ጋር ያለኝ መዘግየት) ደግሞ ከፍተኛ ነው።

ካስታችሁ ሊያልቅ ሲል ጌሙ የሚቀጥለውን ትእዛዝ ቀድሞ ይቀበላል። ሴቲንጉ ካልተነካ ይህ የመቀበያ ጊዜ 400 ሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ ባሩ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ሊያልቅ ሲል ቁልፉን መታ መታ አድርጉት። የጀመራችሁትን ካስት አያቋርጠውም፣ አትፍሩ።

በየካስቱ 0.2 ሰከንድ ብቻ ብታባክኑ በ3 ደቂቃ 72 የነበረው ፍሮስትቦልት 66 ይሆናል። ፒንጋችሁ ከፍ ባለ ቁጥር ይህ ልማድ ይበልጥ ይጠቅማችኋል። ባሩ አልቆ ከተጫናችሁ ትእዛዙ ሰርቨር ጋ እስኪደርስ ያለው መዘግየት በእያንዳንዱ ካስት ላይ ይጨመራል።

ፋየር (እሳት) ልሁን፣ ፍሮስት (በረዶ) ወይስ አርኬን?

ሦስቱ የሜጅ የታለንት ዘርፎች ናቸው። መልሱን የሚወስነው የት እንደምትገቡ ነው።

ሞልተን ኮር በሚባለው ሬይድ ውስጥ ያለው አብዛኛው ፍጡር የእሳት ዘመድ ነው። እዚያ ካሉት ቦሶች ባሮን ጌዶንን ወይም ራግናሮስን በፋየርቦል መምታት ውሃን በውሃ ማርጠብ ነው፤ ስክሪኑ ላይ "ኢሚዩን" የምትል ቃል (አይነካውም ማለት ነው) ታያላችሁ፣ በቃ። ስለዚህ እዚያ ፍሮስት ነው። ብላክዊንግ ሌር የሚባለው ሬይድ ላይም አብዛኛው ሜጅ ከፍሮስት አይወጣም። ብዙዎች 31 ነጥብ አርኬን ላይ አውለው አርኬን ፓወርን ይወስዱና የቀረውን ፍሮስት ላይ ያስቀምጣሉ። የሚለቁት ያንኑ ፍሮስትቦልት ነው። "አርኬን ሜጅ ነኝ" ቢላችሁ አትደናገሩ።

ኋለኞቹ ሬይዶች አን ኪራጅና ናክስራማስ ጋ ሲደረስ ነገሩ ይገለበጣል። እሳትን የማይፈሩ ቦሶች ያንሳሉ፣ ጊራችሁ ላይ ያለው ክሪትም (ምቱ ከወትሮው የሚያይልበት ዕድል) ከፍ ብሏል። ፋየር ደግሞ የሚኖረው በክሪት ነው። ምክንያቱ ኢግናይት ይባላል፤ እሱ ላይ ትንሽ ቆም ልበል።

በእሳት ክሪት ስትመቱ የክሪቱ 40 በመቶ በ4 ሰከንድ ውስጥ ተጨማሪ ቃጠሎ ሆኖ ይወጣል። ክላሲክ ላይ ይህ ቃጠሎ የጋራ ነው። የሜጆቹ ሁሉ ክሪት ቦሱ ላይ አንድ ላይ ይከመራል፣ እስከ 5 ድርብ። ነገር ግን ዳሜጁ የሚጻፈው መጀመሪያ በለኮሰው ሰው ስም ነው። ሌሎቹ እንጨት ያቀብላሉ፣ እሱ ይሞቃል። አግሮውም (ቦሱ ማንን እንደሚመታ የሚወስነው ቁጥር) የሚቆጠረው በእሱ ነው፤ ስለዚህ አንዳንዴ ከመሞቅ አልፎ ይቃጠላል። ሜትሩ ላይ አንድ ፋየር ሜጅ ከሌሎቹ በእጥፍ በልጦ ካያችሁ ጀግና ነው ከማለታችሁ በፊት ኢግናይቱ የማን እንደነበር ተመልከቱ።

ስኮርች ደግሞ አለ። ታለንቱ ሲሞላ እያንዳንዱ ስኮርች ቦሱ የሚደርስበትን የእሳት ዳሜጅ በ3 በመቶ ይጨምራል። አምስት ሲደረብ 15 በመቶ ይሆናል፣ 30 ሰከንድ ይቆያል። መጀመሪያ ላይ ሜጆቹ ተባብረው አምስቱን ይሞላሉ፣ ከዚያ አንድ ሰው ሳያልቅ ያድሰዋል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ከፑሉ (ቦሱን ቀስቅሶ ውጊያ ከመጀመር) በፊት ይነገር። "ሌላው ያድሰዋል" ብሎ ሁሉም ዝም ሲል ስንት ጊዜ እንደወደቀብን አልቆጠርኩም። ፍሮስት ላይ ተመሳሳዩ ዊንተርስ ቺል ነው፤ አምስት ሲደረብ ለፍሮስት ስፔል 10 በመቶ ክሪት ይጨምራል።

አንድ ነገር አትርሱ። ክላሲክ ሲከፈት በነበረው ደንብ ቦስ የሚሸከመው ዲባፍ (እንደነዚህ ያለ የሚጎዳው የስፔል ውጤት) 16 ብቻ ነው። የሬይድ መሪው "ዊንተርስ ቺል ይቅርብን" ካለ ቦታ ስለጠበበው ነው። አትጣሉት።

ሂት (ስፔል እንዳይስት የሚያደርግ ቁጥር) ስንት ያስፈልገኛል?

የሬይድ ቦስ ሌቭሉ 63 ሆኖ ይቆጠራል። የ60 ሌቭል ሜጅ ስፔል ከ100 ውስጥ 17 ጊዜ ይስተዋል። ከነዚህ ውስጥ አንዷ ምንም ብታደርጉ አትጠፋም። ስለዚህ የሚያስፈልገው 16 በመቶ ነው። ኤለመንታል ፕሪሲዥን የሚባለው ታለንት ለፋየርና ለፍሮስት 6 ይሰጣል፤ ከጊር የምትፈልጉት 10 ነው። አስራ አንደኛዋ ሂት ምንም አትሠራም።

ሲስት ስክሪኑ ላይ "ሪዚስት" ብሎ ስለሚጽፍ ብዙ ሰው ቦሱ በረዶ የሚቋቋም ይመስለዋል። እኔም ለወራት ራሴን ያጽናናሁት በዚሁ ነው። ለካ ሂቴ 4 ነበር።

ሂት ከሞላ በኋላ ክሪት ይሻላል ወይስ ስፔል ፓወር (የስፔል ጉልበት)?

ሁለቱም፤ ግን መጠኑን በራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። ፍሮስት ላይ አይስ ሻርድስ የሚባል ታለንት ስለሚኖር ክሪት ዳሜጁን ሁለት እጥፍ ያደርጋል። ክሪታችሁ 20 በመቶ ከሆነ አንድ መጨመር ከ120 ወደ 121 መሄድ ነው፤ ወደ 0.8 በመቶ። ሂት ሳይሞላ ግን ከ83 ወደ 84 ስትሄዱ 1.2 በመቶ ታገኛላችሁ። ሂት ይቅደም የሚባለው ለዚህ ነው።

ስፔል ፓወር ሁሉም ስፔል ላይ እኩል አይገባም። 100 ስፔል ፓወር ፋየርቦል ላይ 100 ይጨምራል፣ ፍሮስትቦልት ላይ 81፣ ስኮርች ላይ 43። ስኮርች የሚያሳዝን ይመስላል። ግን የሚፈጀው 1.5 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ በሰከንድ ሲታሰብ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

ጊር ስትመርጡ የእቃውን ቀለም አትመልከቱ። ፐርፕል ሆኖ ስፒሪትና ስታሚና የታጨቀበትን ልብስ ለብሶ በሰማያዊ ልብስ የሚበለጥ ሜጅ ሞልቷል።

ኩልዳውኖቼን (አንዴ ከተጫኑ ለመመለስ ጊዜ የሚፈጁትን) መቼ ልጠቀም?

ቶሎ። "ለወሳኙ ሰዓት" ተብሎ የተቀመጠ ኩልዳውን አብዛኛውን ጊዜ ሳይነካ ቦሱ ይሞታል።

አርኬን ፓወርን እንይ። ለ15 ሰከንድ ዳሜጅ በ30 በመቶ ይጨምራል፣ ስፔሉ የሚፈጀውን ማናም (የስፔል ጉልበት) እንዲሁ። የሚመለሰው በ3 ደቂቃ ነው። ውጊያው 3 ደቂቃ ከ30 ቢሆንና በ15ኛው ሰከንድ ብትጫኑት በ3፡15 ላይ እንደገና ይመጣል፤ ልክ ቦሱ ሲወድቅ ያልቃል። አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ ከጀመራችሁ ግን ሁለተኛው አይደርስላችሁም። አንድ ሙሉ አርኬን ፓወር በማቅማማት ሄደ ማለት ነው።

ለምን በመጀመሪያው ሰከንድ አይሆንም? ታንኩ (የቦሱን ምት የሚቀበለው ተዋጊ) ገና አግሮ አልያዘም። ትንሽ ይተንፍስ።

ትሪንኬታችሁንም (ሲጫን ለጊዜው ኃይል የሚጨምር እቃ) አብራችሁ ጫኑ። 15 ሰከንዱ ውስጥ ስድስት ፍሮስትቦልት ነው የሚገባው፤ አንዱን በእንቅስቃሴ ካጣችሁ አንድ ስድስተኛው ሄደ። ስለዚህ ቦሱ ሊያስሮጣችሁ እንደሆነ ካወቃችሁ አምስት ሰከንድ ታገሡ። ራግናሮስ ለምሳሌ ከ3 ደቂቃ በኋላ ላቫው ውስጥ ይጠልቃል። ሊጠልቅ አስር ሰከንድ ሲቀረው አርኬን ፓወር የሚጫን ሰው አይቻለሁ። ማን እንደሆነ አልናገርም።

ማናዬ ያልቅብኛል። ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ፣ ማናው ሊያልቅ እስኪል አትጠብቁ። ማና ሩቢ ከ1000 እስከ 1200 ማና ይመልሳል፣ በ2 ደቂቃ ይመለሳል። ሜጀር ማና ፖሽን ከ1350 እስከ 2250 ይሰጣል፣ እሱም በ2 ደቂቃ። የሁለቱ ኩልዳውን ለየብቻ ነው። ሩቢውን 1200 ያህል እንደጎደለ ዋጡት፣ ፖሽኑን 2250 ሲጎድል። ቀድማችሁ ከጀመራችሁ በረጅም ውጊያ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ይደርስላችኋል። ማናው ሊያልቅ ሲል የጀመረ ሰው አንዴ ጠጥቶ ይቀራል።

ኢቮኬሽን 8 ሰከንድ ቆሞ መቅዳት ነው፣ በ8 ደቂቃ ይመለሳል። ያ 8 ሰከንድ ሦስት ፍሮስትቦልት ያስከፍላችኋል። ስለዚህ ውጊያው አጭር ከሆነና ማናው የሚያደርሳችሁ ከሆነ አትንኩት። የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ቦሱ በማይመታበት ሰዓት አድርጉት። ራግናሮስ ሲጠልቅ የወጡትን ልጆቹን ፈጅታችሁ ትንሽ ፋታ ከተገኘ ያን ጊዜ ነው።

ማና ተርፏችሁ ቦሱ ከሞተስ? ይህን ብዙ ሰው እንደ ጉብዝና ያየዋል። ግማሽ ማና ይዞ መጨረስ ብዙ ያልለቀቁ ሰዎች ምልክት ነው።

ሁልጊዜ አግሮ ይዤ እሞታለሁ። ታንኩ ነው ችግሩ?

አንዳንዴ አዎ። አብዛኛውን ጊዜ ግን እናንተ ናችሁ።

ከሩቅ የምትመቱ ከሆነ ቦሱ ወደ እናንተ የሚዞረው የእናንተ አግሮ የታንኩን 130 በመቶ ሲያልፍ ነው። የአግሮ ሜትር አድኦን አስገቡ፣ ከ110 በላይ ስትሄዱ ዓይናችሁን እዚያ አድርጉ። ፍሮስት ቻናሊንግ የፍሮስትን አግሮ በ30 በመቶ ይቀንሳል፣ ማናውንም በ15። በርኒንግ ሶል ለፋየር ያንኑ 30 ይቀንሳል። እነዚህን ታለንቶች "ዳሜጅ አይጨምሩም" ብሎ የሚተው ሰው ወለል ላይ ተኝቶ ነው ዳሜጁን የሚቆጥረው።

ቦሱ ከዞረባችሁ አይስ ብሎክ ግቡ። እስከ 10 ሰከንድ ምንም አይነካችሁም፣ ቦሱም ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። ነገር ግን አግሮው አይጠፋም። ታንኩ ሳያልፋችሁ በረዶውን ከሰበራችሁ ያው ቦስ ያው ጥርሱን ይዞ ይመጣል። እና እባካችሁ ወደ ሂለሮቹ (ፈዋሾቹ) አትሩጡ።

መንቀሳቀስ ግዴታ ሲሆንስ?

የትኛው መንቀሳቀስ ግዴታ እንደሆነ መለየቱ ነው ዋናው። ባሮን ጌዶን ቦምብ ካደረጋችሁ 8 ሰከንድ አላችሁ። 8 ሰከንድ ብዙ ነው። ከሰው የምትርቁበት ቦታ ቅርብ ከሆነ የጀመራችሁትን ፍሮስትቦልት ጨርሳችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ሩቅ ከሆነ ግን ወዲያው ሂዱ፤ አንድ ፍሮስትቦልት ለመጨመር ብሎ አምስት ሰው ማፈንዳት ይቅር የማይባል ነው።

ከፑሉ በፊት ቆማችሁ የምትለቁበትን ቦታ ምረጡ። ለመሸሽ ሁለት እርምጃ የሚበቃችሁ ቦታ አስር እርምጃ ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ራግናሮስ ላይ ማና ያለውን ሰው እየመረጠ የሚያፈነዳ ጥቃት ስላለ ከሌሎች ካስተሮች ራቁ፤ ብቻችሁን ብትወረወሩ እናንተ ብቻ ናችሁ የምትቋረጡት።

ብሊንክ 20 ያርድ ይወስዳችኋል። በእግር ከምትሄዱበት ጊዜ የሚተርፈው ወደ ካስት ይመለሳል። መሄዳችሁ ካልቀረ ደግሞ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ፋየር ብላስት ወዲያው የሚወጣ ስፔል ነው፣ እየሮጣችሁ ልቀቁት።

ከርስ (እርግማን) ከሰው ላይ ማንሳት ዳሜጄን ይቀንሰዋል። ሌላ ሰው አያነሳውም?

ይቀንሳል። ቢሆንም አንሱ።

ሉሲፍሮን ላይ ያለው ከርስ የስፔል ዋጋን እጥፍ ያደርጋል፤ የራሳችሁን ማና የሚበላ ነው። ገሄናስ ላይ ያለው ደግሞ የሚደርሳችሁን ሂሊንግ በ75 በመቶ ይቀንሳል። ታንኩ ያን ከርስ ይዞ ከሞተ የእናንተ ቆንጆ ዳሜጅ እዚያው ያበቃል። ሜጆቹ ግሩፖቹን ቢከፋፈሉ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ጥቂት ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ አንዱን ሰው ለማዳን ሲረባረብ ነው ጊዜ የሚባክነው።

ሌሎች ለእኔ ምን ማድረግ አለባቸው?

ዋርሎኩን (ሌላ ዓይነት አስማተኛ ነው) ከርስ ኦፍ ኤለመንትስ ጠይቁት። በፋየርና በፍሮስት ላይ 10 በመቶ ይጨምራል፣ የቦሱንም ሪዚስታንስ በ75 ያወርዳል። ሜጆች ብዙ ከሆኑ የሚያመነታ ነገር የለም። ዋርሎኩ ቅር ሊለው ይችላል። ሜጅ የሚሠራውን ማና የሚሞላ ውሃ ስጡት።

ፍላስክና ኤሊክሰር ግዴታ ነው?

ፍላስክ ኦፍ ሱፕሪም ፓወር 150 ስፔል ፓወር ለ2 ሰዓት ይሰጣል፣ ብትሞቱም አይጠፋም። ውድ ነው። ለለመዳችሁት ቦስ አያስፈልግም፣ ለአዲስ ቦስ ግን እሰየው። ግሬተር አርኬን ኤሊክሰር 35 ይሰጣል፣ ርካሽ ነው፣ ስትሞቱ ግን ይጠፋል። ጠንከር ያለ ምክሬ፦ ካስታችሁ ሳይስተካከል ፍላስክ ላይ ወርቅ አታፍስሱ።

ሎጌ ላይ ግራጫ ነኝ። ምን ማለት ነው?

ዋርክራፍት ሎግስ የሚባለው የሎግ ድረ ገጽ የሚያወዳድራችሁ በዚያ ቦስ ላይ ከነበሩ ሌሎች ሜጆች ጋር ነው። ከ100 ሲሰላ ከ25 በታች ግራጫ፣ ከ25 አረንጓዴ፣ ከ50 ሰማያዊ፣ ከ75 ሐምራዊ፣ ከ95 ብርቱካናማ ነው። ቀለሙ ሁሉን አይነግርም። ጊልዳችሁ ቦሱን የሚገድለው ቀስ ብሎ ከሆነ ኩልዳውናችሁ የሚሸፍነው ጊዜ ያንሳል፣ ቀለማችሁም አብሮ ይወርዳል። ከርስ ስታነሱ ከቆያችሁም እንዲሁ። ስለዚህ ቀለሙን ተዉትና የካስቱን ዝርዝር ክፈቱ። ውጊያው የፈጀውን ሰከንድ ለ2.5 አካፍሉ። ከለቀቃችሁት ፍሮስትቦልት ጋር አስተያዩ። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው፤ እናንተንም ያስደነግጣችሁ ይሆናል።

ውሃ ማደል ግዴታዬ ነው?

ነው። ዳሜጅ ጋ ምን አገናኘው አትበሉ። ሂለሩ ከቦስ ቦስ ማና ሳይሞላ ከገባ ቀድሞ የሚሞተው ቀጭን ልብስ የለበሰው ነው፤ ያ እናንተ ናችሁ። ሬይዱ ከመጀመሩ ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ገብታችሁ ሥሩት። ከትናንት ያስቀመጣችሁትን አትመኑ። ሎግ አውት አድርጋችሁ 15 ደቂቃ ካለፈ የሠራችሁት ውሃ ከቦርሳ ይጠፋል።